የደከመች ቦንሳይ ጥድ፦ ከሸክላ ቅየራ በፊት ከቤት ትውጣ

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ፣ አፓርታማ ውስጥ ነው። ለፈረንጅ ገና ልጄ ጁኒፐር የምትባል ቦንሳይ (በሸክላ ውስጥ አሳጥረው የሚያሳድጓት ዛፍ) ሰጠችኝ። ሳሎን፣ ማሞቂያው አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ በየጠዋቱ ውሃ እረጭላታለሁ። ከማርች ጀምሮ ወዟ ጠፍቶ ወደ ግራጫ አደላች፤ በአንድ ወገን ያለው ቅርንጫፍማ ቡናማ ሆኗል። አፈሩ ላይ ያሉት ጠጠሮች የተጣበቁ ናቸው። ማዳበሪያ ብሰጣትም ለውጥ የለም። አሁን ኤፕሪል ገብቷል፤ ሸክላዋንና አፈሯን ልቀይር? ጁላይ ላይ ለአንድ ወር አዲስ አበባ ስለምሄድ እስከዚያ እንድታገግም እፈልጋለሁ።

መልስ፦ ሸክላዋን አሁን አይንኩ፤ ማዳበሪያውንም ያቁሙ። የዘረዘሯቸው ምልክቶች ከአፈሩ በፊት የሚከሱት ቤቱን ነው። ጁኒፐር የውጭ ዛፍ ናት፤ የሐበሻ ጥድ የቅርብ ዘመድ ነች። በአሜሪካ ሱቆች ለጀማሪ ከሚሸጡት ብዙዎቹ ፕሮከምበንስ ናና የተባለው፣ ከጃፓን ባሕር ዳርቻ የመጣው፣ መሬት ለመሬት የሚሳበው ዓይነት ናቸው። የእኛ ደጋ ጥድ ጠራራ ፀሐይና ቀዝቃዛ ሌሊት ያገኛል፤ ይቺኛዋ ከዚህም በላይ በብርዱ ወራት ማንቀላፋት ትፈልጋለች። ሳሎን ውስጥ ሦስቱም የሉም። ለእኛ ዓይን ብሩህ የሚመስለው ክፍል ለዛፏ ጨለማ ነው፣ ማሞቂያው አየሩን ያደርቀዋል፣ እንቅልፏንም ያሳጣታል። ዋሽንግተን ዲሲ፣ ብሔራዊ አርቦሬተም (የዛፎች ማሳያ ሥፍራ) ውስጥ ያለውን የቦንሳይ ሙዚየም ቢጎበኙ ጥዶቹን ክፍት አየር ላይ ያገኟቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1976 ጃፓን ለአሜሪካ ከሰጠቻቸው 53 ቦንሳዮች አንዱ ከ1625 ጀምሮ ሲኮተኮት የኖረ፣ ከሂሮሺማው ቦምብ የተረፈ ዛፍ ነው። እንዲህ ያለ ዕድሜ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ አይገኝም።

ገንዘብና ጉልበት ከማውጣትዎ በፊት በሕይወት መኖሯን ያረጋግጡ። ጁኒፐር ለጀማሪ ክፉ የምትሆነው እዚህ ላይ ነው፤ ሥሯ ከሞተ በኋላም ቅጠሏ ለሳምንታት አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ ቀለሙን አይመኑ። ቡናማ ካልሆነው ቅርንጫፍ ቀጭን ጫፍ ይያዙና ቅርፊቱን በጥፍርዎ ትንሽ ፋቅ ያድርጉ። ከሥሩ እርጥብ አረንጓዴ ካለ ያ ክፍል ሕያው ነው፤ ደረቅና ቡናማ ከሆነ ወደ ግንዱ እየቀረቡ ይሞክሩ። ግንዱ ራሱ ከአፈሩ በላይ ደረቅ ከሆነ ዛፏ አብቅታለች፤ ከዚያ በኋላ የሚሠራ ነገር የለም። ቅጠሉን በጣትዎ ሲያሹት ተሰባብሮ የሚረግፍ ከሆነ ያ ቅርንጫፍ አይመለስም፤ ከተጣጠፈና የጥድ ሽታ ከሰጠ ተስፋ አለው።

ሕያው ከሆነች ወደ በረንዳ አውጧት፤ ግን በአንድ ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ አይጣሏት። ብርዱን ወራት ሙቀት ውስጥ ስላሳለፈች ለስላሳ ሆናለች። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የጠዋት ፀሐይ ለሦስት ሰዓት ያህል የሚያገኛት፣ ከሰዓት በኋላ ጥላ የሆነ፣ ነፋስ የማያንገላታት ቦታ ይምረጡላት። ከዚያ ቀስ በቀስ ቀጥተኛ ፀሐይ ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ እንዲደርሳት ያድርጉ። በእናንተ አካባቢ በኤፕሪል ውርጭ ሊጥል ይችላል። የሌሊቱ ሙቀት ከ5 ዲግሪ ሴልሺየስ (41 ፋራናይት) በታች ይወርዳል ከተባለ ማሞቂያ ወደሌለው ጋራዥ ወይም ደረጃ ሥር ያስገቧትና ጠዋት መልሰው ያውጧት። ሳሎን ግን አትመለስ።

አሁን ወደ ውሃው። ብዙ ቦንሳይ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው፣ የእርስዎም ሁለተኛ ችግር ይኸው ይመስለኛል። በየጠዋቱ የሚረጩት ውሃ ቅጠሉን አርሶ ይተናል እንጂ ሥሩ ዘንድ አይደርስም። የተጣበቁት ጠጠሮች ደግሞ ሻጮች ዕቃው ሲጓጓዝ አፈሩ እንዳይፈስ የሚለጥፏቸው ናቸው፤ ውሃ ሲያፈሱ በላያቸው ተንሸራቶ በሸክላው ጠርዝ ይወርዳል፣ መሐሉ ደረቅ እንደሆነ ይቀራል። በፒንሳ ወይም በጠፍጣፋ ካቻቪቴ ከጠርዙ ጀምረው እየፈነቀሉ ያንሷቸው፤ ግንዱ ሥር ያሉትን ቅርፊቱን እንዳይልጡ በጥንቃቄ ያውጡ። ቀጥሎ ሸክላዋን ገልብጠው ከታች ቀዳዳ መኖሩን ይዩ። ቀዳዳ ከሌለው፣ ወይም ከሥሩ ያለው ሳህን ውሃ አቁሮ ከቆየ፣ ችግሩ ድርቀት ሳይሆን የሥር መታፈን ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ከላይ ሲታዩ አንድ ዓይነት ናቸው፤ የበሰበሰ ሥር ውሃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሉ በውሃ መሐል ይደርቃል። የሚለያቸው አፈሩ ነው።

ሸካራ የእንጨት ስንጥር ወደ አፈሩ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይውጉና 10 ደቂቃ ይተዉት። ሲያወጡት ጠቁሮ ከረጠበ ውሃ አይስጧት፤ ነገ ይመለሱ። ደረቅ ሊሆን ሲቃረብ ግን ያጠጡ፤ ውሃው በታች ቀዳዳ እስኪፈስ ድረስ፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላም ደግመው። ለወራት ደርቆ የኖረ ፒት የሚባል አፈር (ከበሰበሰ ተክል የሚገኝ) ውሃ ይገፋል። እንዲያ ከሆነ አንድ ጊዜ ብቻ ሸክላዋን እስከ ጠርዟ ውሃ ውስጥ ነክረው የአየር አረፋው እስኪያቆም ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያቆዩና አውጥተው ያጠንፍፉ። ይህ የሰጧትን የማዳበሪያ ጨውም በከፊል ያጥባል፤ በቀጣይ የሚፈስሰው ብዙ ውሃ ደግሞ የቀረውን ይወስዳል። የደከመ ሥር ማዳበሪያ አይጠቀምም፣ ይቃጠልበታል እንጂ። አዲስ፣ ደማቅ አረንጓዴ ጫፍ እስኪያወጣ ድረስ ምንም ማዳበሪያ አይስጧት። “በሳምንት ሁለቴ አጠጣ” የሚለውን የሱቅ ወረቀት ይጣሉት፤ የውሃ ቀን የሚቆርጠው አፈሩ ነው።

ግራጫው መልክ ተባይም ሊሆን ይችላል። ሞቃትና ደረቅ ቤት ስፓይደር ማይት ለሚባለው ሸረሪት መሰል ደቃቅ ተባይ ይመቸዋል። ነጭ ወረቀት ከቅርንጫፉ ሥር ይዘው ቅርንጫፉን ጠበቅ አድርገው ያራግፉት። የበርበሬ ፍርፋሪ የሚያህሉ ነጠብጣቦች መሄድ ከጀመሩ ተገኙ፤ በጣት ሲዳምጧቸው መስመር ጥለው ያልፋሉ። ያኔ መድኃኒት ከመግዛትዎ በፊት ጠንከር ባለ ውሃ ቅጠሉን ከታች ወደ ላይ ያጥቡ፤ ሸክላውን በፌስታል ሸፍነው ቢያደርጉት አፈሩ አይታጠብም። እንቁላላቸው እየተፈለፈለ ስለሚቀጥል በ5 ወይም በ7 ቀን ልዩነት ሦስት ጊዜ ይድገሙት። ካልበቃ ለተክል የተዘጋጀ ፀረ ተባይ ሳሙና በመመሪያው መጠን፣ በማለዳ ወይም ፀሐይ ስትጠልቅ ይርጩ። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አይተካውም፤ ቅጠሉን ሊያቃጥል ይችላል።

ሸክላ ለመቀየር የሚያስገድድ አንድ ምክንያት ብቻ አለ፤ ውሃው የማያልፍ ከሆነ። ቀዳዳ ከሌለ፣ አፈሩ ከከረፋ ወይም ውሃ ካጠጡ ከሦስት ቀን በኋላም ጭቃ ከሆነ ያውጧት። ሥር መቁረጥና አፈሩን ማራገፍ ግን የጤነኛ ዛፍ ሥራ ነው፤ ያውም ዛፏ ከመንቃቷ በፊት። ለደከመች ጁኒፐር የሥር ኳሷን ሳይበትኑ እንዳለ አንስተው፣ ሸተው የለዘዙና ጥቁር የሆኑትን ጫፎች ብቻ ቆርጠው፣ ከአሁኑ በሁለት ጣት የሚሰፋና ታች ቀዳዳ ያለው ዕቃ ውስጥ ያስቀምጧት። ዙሪያውን ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር በሆነ ድንጋያማ ድብልቅ ይሙሉ፤ ፑሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ)፣ ላቫ ሮክ (አገር ቤት ቀይ አሽ የምንለው) እና አካዳማ የተባለው የጃፓን ሸክላ መሰል አፈር እኩል በእኩል። ዱቄቱን በወንፊት ያራግፉት፤ ካልወጣ ታች ተቀምጦ ቀዳዳውን ይዘጋል። የቤት ተክል አፈር አይጨምሩ። ውሃው ደህና የሚያልፍ ከሆነ ግን ሙሉ የአፈር ቅየራውን እስከሚመጣው ዓመት ማርች ድረስ ያቆዩት፤ ያኔም ግማሹን በዚያ ዓመት፣ ግማሹን በተከታዩ።

መቀስም አያንሱ። አረንጓዴው ሁሉ ለማገገም ያስፈልጋታል። ግንዱ ላይ ሽቦ ተጠምጥሞ ቅርፊቱ ውስጥ እየገባ ከሆነ አይዘውሩት፤ በመቁረጫ እየቆራረጡ ያንሱት። ቡናማው ቅርንጫፍ መልሶ አያረንጕድም፤ ጁኒፐር ቅጠል አልባ ከሆነ እንጨት ላይ አዲስ ቅጠል አታወጣም ማለት ይቻላል። ስለዚህ መዳኗን የሚያዩት በቀሩት ጫፎች ነው። ከወጣችበት ቀን ጀምሮ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይጠብቋት። በየሁለት ቀኑ ቦታ መቀያየር፣ ሥር ለማየት ቆፈር ቆፈር ማድረግ ከበሽታው ይልቅ ይጎዳታል።

በሚመጣው ብርድ ደግሞ ውጭ ትቆያለች። ሸክላ ውስጥ ያለ ሥር መሬት ውስጥ ካለ ሥር ይልቅ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ፣ ከ20 ፋራናይት (ከዜሮ በታች 7 ሴልሺየስ ገደማ) በታች ሲሆን በረንዳው ወለል ላይ፣ ግድግዳ ተጠግታ፣ የቅርፊት ፍርፋሪ በተሞላ ሳጥን ውስጥ ሸክላዋ ተቀብሮ ትክረም። አፈሩ በረዶ ሳይሠራ ደርቆ በሚገኝበት ቀን ያጠጧት።

ስለ ጁላዩ ጉዞዎ፦ በዚያ ወር ትንሽ ሸክላ በአንድ ቀን ይደርቃል፤ አንዳንዴም ጠዋትና ማታ ያስፈልገዋል። ሳህን ውስጥ ውሃ ሞልቶ መሄድ ሥሩን ያበሰብሳል፣ ቤት ቆልፎባት መሄድም አያዋጣም። ግቢ ያለው ዘመድ ካለዎት የጠዋት ፀሐይ ብቻ በሚደርስበት ቦታ ሸክላዋን እስከ ጠርዟ መሬት ውስጥ ይቅበሩ፤ ዙሪያው ያለው አፈር ሥሩን ያቀዘቅዝላታል። ለሚጠብቅልዎት ሰው “ስንጥሩን አይተህ አጠጣ፣ ቤት አታስገባት” ብለው ይጻፉለት፤ ከመሄድዎ በፊትም ለአንድ ሳምንት እርስዎ እያሉ ብቻውን ይሞክራት፣ የሚረሳው ነገር ካለ ያኔ ይታያል።