«ዘ ክሩል ፕሪንስ»ን ልቀጥለው ወይስ ልተወው?

ሰላም እህቴ። የሆሊ ብላክን «ዘ ክሩል ፕሪንስ» ጀምረሽ ገና መቶ ገጽ ሳይሞላ ልዑል ካርደን አናደደሽ። «ባለታሪኳ ጁድ ይሄን ባለጌ ነው የምትወደው? ደግሞ የ14 ዓመቷ እህቴ ልታነበው ትፈልጋለች፤ ልስጣት?» ብለሽ ጠይቀሻል። ከእህቴ ልጅ ጋር ሦስቱንም ክፍል እየተቀባበልን ስላነበብናቸው፣ የታዘብኩትን ልንገርሽ።

አትተዪው። ግን የፍቅር መጽሐፍ ነው ብለሽ አትጠብቂው። ወሬው ሁሉ ስለ ካርደን ስለሆነ ነው እንጂ የመጀመሪያው ክፍል በአብዛኛው የዙፋን ሽኩቻ ነው። ጁድ ሰባት ዓመቷ ሳለ ማዶክ የሚባል የፌሪዎች (የአፈ ታሪክ አስማተኛ ፍጡራን) የጦር አዛዥ እናትና አባቷን ዓይኗ እያየ ገደለ። ከዚያ እሷንና እህቶቿን ወደ አገሩ ወስዶ እንደ ልጆቹ አሳደጋቸው። ትጠላዋለች፣ ትወደዋለችም፤ ጎራዴ ያስተማራትም እሱ ነው። ለእኔ መጽሐፉን የያዘው የእነዚህ የሁለቱ ነገር ነው። ካርደን ከዚያ በኋላ ይመጣል። (የእህቴ ልጅ ይሄን ብታነብ ትጣላኛለች።)

ፌሪ ሲባል ክንፍ ያላት ሚጢጢ ቆንጆ ከታየሽ እሷን እርሺያት። ጸሐፊዋ የተነሳችው ከድሮው የስኮትላንድና የአየርላንድ አፈ ታሪክ ነው። እዚያ ሰዎች ፌሪዎችን በጣም ከመፍራታቸው የተነሳ በቀጥታ ላለመጥራት «ደጎቹ ጎረቤቶች» ይሏቸው ነበር። ማዶክ ራሱ ሬድካፕ ነው። ሬድካፕ በእንግሊዝና በስኮትላንድ ድንበር፣ በፈራረሱ ግንቦች ውስጥ ይኖራል የሚባል ነፍሰ ገዳይ ፍጡር ነው። ቆቡን የሚያቀላው በገደለው ሰው ደም ነው። መጽሐፉ ይሄን ልማድ እንዳለ ወስዶታል። ጁድ ምግቧ ላይ ጨው የምትነሰንሰው፣ የሮዋን ዛፍ ፍሬም የማይለያት ከዚያው አፈ ታሪክ የተነሳ ነው፤ ከአስማት ይጠብቃሉ ተብሎ ይታመናል። የሌሎቹን ፍጡራን ስም ግን አንድ በአንድ ጉግል እያደረግሽ አትድከሚ። እያነበብሽ ስትሄጂ ይለያሉ።

አጥብቀሽ መያዝ ያለብሽ አንድ ሕግ ነው፦ ፌሪ መዋሸት አይችልም። ማታለል ግን ይችላል፤ ያውም እንዴት አድርጎ! እኛ ሰምና ወርቅ ስንሰማ ላደግን ሰዎች ይሄ ቤታችን ነው። አንዱ ፌሪ «እኔ እጄን አላነሳብሽም» ቢል፣ ሌላ ሰው ልኮ አያስመታሽም ማለት አይደለም። ስለዚህ ንግግራቸውን ስታነቢ ምን እንዳሉ ብቻ ሳይሆን ምን ሳይሉ እንዳለፉ ተመልከቺ። እኔ ይሄ ሲገባኝ ቀደም ሲል ያለፍኳቸውን ምዕራፎች ተመልሼ አየኋቸው፤ ሌላ መጽሐፍ ሆኑብኝ። ጁድ ደግሞ ሰው ስለሆነች መዋሸት ትችላለች። አስማት የላትም፣ ዕድሜዋ ከእነሱ ጋር ሲተያይ የአንድ ቀን ነው፣ በክፍል ጓደኞቿ ፊት መሳለቂያ ናት። በእጇ ያለው ትልቁ መሣሪያ ውሸቷ ነው። በእሱ ምን እንደምትሠራ አልነግርሽም። የዘውድ መጫኑ ሥነ ሥርዓት ላይ እስክትደርሺ ብቻ ታገሺ። ከዚያ በኋላ መጽሐፉ አያስተኛሽም።

የካርደን ነገር... መጥላትሽ ትክክል ነው። እሱና ጓደኞቹ የሚያደርጉባት ነገር ቀልድ አይደለም፤ ግፍ ነው። ቆይቶ እሱ ራሱ በምን ቤት እንዳደገ ታያለሽ። የእህቴ ልጅ እዚያ ላይ አልቅሳለታለች። እኔ ግን እስከ ሁለተኛው ክፍል ድረስ አልራራሁለትም። ፍቅሩ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ከጥላቻው ጋር ተቀላቅሎ፣ ሁለቱም እየተናደዱበት። እንዲህ ዓይነት ፍቅር ካልተመቸሽ ሦስቱንም ብታነቢ አይመችሽም።

ለእህትሽ? የእኔ ምክር አንቺ ቀድመሽ ጨርሺው፣ ከዚያ ስጫት። አንደኛው ላይ የሚያስደነግጥ የአልጋ ነገር የለም። የሚከብደው ጭካኔው ነው። ግድያ አለ፣ አእምሮ የሚያስት ፍሬ በግድ ማብላት አለ፣ ጁድ ሰውነቷን ለማስለመድ መርዝ በጥቂት በጥቂቱ የምትወስድበት አለ፣ ራሷን የምታጠፋ ሴትም አለች። የእህቴ ልጅ ስታነበው 15 ዓመቷ ነበር። ካርደን የሚያደርገውን አንድ የክፍሏ ልጅ ቢያደርገው ምን እንደምትለው ጠየቅኳት። ረጅም ክርክር ገባን፤ ከመጽሐፉ ይልቅ ያ ክርክር ነው የተመቸኝ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ልጨምር። የሳራ ጄ. ማስን «ኤ ኮርት ኦፍ ቶርንስ ኤንድ ሮዝስ» ሰው ሁሉ ከዚህ ጋር አንድ ላይ ይጠራዋል። ያኛው የአዋቂ መጽሐፍ ነው፤ ወሲቡ በግልጽ የተጻፈ ነው። ፌሪ አለበት ብለሽ ለ14 ዓመት ልጅ እንዳትሰጪ። ይሄኛው ከከበዳት ሆሊ ብላክ ራሷ ከቶኒ ዲተርሊዚ ጋር ለልጆች ያዘጋጀችው «ዘ ስፓይደርዊክ ክሮኒክልስ» አለ። አጫጭርና ባለ ሥዕል ነው። እርግጥ በ14 ዓመቷ «የሕፃን ነው» ብላ ልትመልስልሽ ትችላለች።

እንግሊዝኛው አይከብድም። ጁድ ራሷ ናት በአጫጭር ዓረፍተ ነገር የምትተርከው። የሚያደናግረው የስም ብዛት ስለሆነ፣ ንጉሡንና ልጆቹን ወረቀት ላይ ጻፊያቸው፤ እኔን ጠቅሞኛል። አንደኛው በ2018 ወጣ፤ «ዘ ዊክድ ኪንግ» እና «ዘ ክዊን ኦፍ ናቲንግ» ሁለቱም በ2019 ተከተሉ። የሁለተኛው አጨራረስ ደግሞ ፀጉር የሚያስነጭ ነው። ሦስተኛውን እጅሽ ሳታስገቢ እንዳትጀምሪው።