የከተማ ልጅ ጥርስ፣ የገጠር ልጅ ጥርስ

ጥያቄ፦ ተወልጄ ያደግሁት ጎጃም ገጠር ውስጥ ሲሆን አሁን የምኖረው አዲስ አበባ ነው። የሰባት ዓመት ልጄ ሦስት መንጋጋዎቹ ተቦርቡረውበት ሌሊት እያለቀሰ ይነቃል። ለገና አገር ቤት ስንሄድ ግን ብሩሽ ይዘው የማያውቁት የእህቴ ልጆች ጥርሳቸው እንደ ወተት ነጭ ነው። ባለቤቴ ጥፋቱን በቧንቧው ውኃ ያሳብባል፤ እናቴ ደግሞ «ሳሙናው ነው ያበላሸው፤ መፋቂያ ይበቃው ነበር» ትላለች። ለመሆኑ የወተት ጥርስ ስለሆነ ይወልቃል ብዬ ብተወው ችግር አለው?
እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውኃውም ሳሙናውም ጥፋት የለባቸውም። ጥርስን የሚቦረቡረው በላዩ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ከስኳር የሚሠሩት አሲድ ነው። ልጁ ጣፋጭ ነገር በቀመሰ ቁጥር የጥርሱ ጠንካራ ሽፋን ማዕድኑን ማጣት ይጀምራል፤ ምራቅ ይህን ለመጠገን ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ከስኳሩ ብዛት ይልቅ የሚጎዳው መደጋገሙ ነው። ጠዋት ሻይ በስኳር፣ በእረፍት ሰዓት ብስኩት፣ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ከበሩ ላይ የተገዛ ከረሜላ፣ አመሻሽ ላይ ጁስ የሚወስድ ልጅ፣ ምራቁ የአንዱን ጉዳት ሳይጠግን ሌላው ይደርስበታል። የእህትዎ ልጆች ውሏቸው በእንጀራና በቆሎ የሚያልፍ ከሆነ ይህ ሁሉ እምብዛም አይገጥማቸውም።

ሆኖም በገና ያዩት ፈገግታ ምርመራ አይደለም። ሲስቁ የሚታየው የፊት ጥርስ ሲሆን፣ መቦርቦር የሚበረታው መንጋጋ ላይ ባሉት ጥልቅ መስመሮች ውስጥ ነው። ደግሞም ከረሜላና ለስላሳ የገጠር ሱቆች ዘንድ ሲደርሱ የጥርስ ሐኪም አብሯቸው አልደረሰም፤ የከተማው ልጅ ጥርሱ ሲሞላለት የገጠሩ ጉንጩ እስኪያብጥ ቆይቶ ይነቀልለታል።

እናትዎ ያሉት ግን ግማሹ ልክ ነው። ወይራም ሆነ ሌላ መፋቂያ ጫፉ በደንብ ታኝኮ ሲለሰልስ ቆሻሻን ይጠርጋል፤ የሚያንሰው ጥርስን ከአሲድ የሚያጠነክረው ፍሎራይድ ነው። ባለቤትዎ የጠረጠሩት ውኃም ቢሆን በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ጥርስ ያበላሻል፤ የሚያበላሸው ግን በሌላ መንገድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ይህ ሲታለፍ ገና በመሠራት ላይ ያለው የልጆች ጥርስ ይጠይማል። በ1946 ዓ.ም. የስኳር ፋብሪካ የተከፈተባት ወንጂ በዚህ ትታወቃለች፤ ስኳርና ፍሎራይድ በአንድ ስፍራ መገናኘታቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ወደ መጨረሻው ጥያቄዎ ስመጣ፣ አይተዉት። የወተት መንጋጋ የሚወልቀው ልጁ ከ10 እስከ 12 ዓመት ሲሆነው ስለሆነ፣ ቢተዉት ልጅዎ ሕመሙን ለዓመታት ሊሸከም ነው፤ ኢንፌክሽኑም ከሥሩ ያለውን ቋሚ ጥርስ ሊጎዳ ይችላል። ከዚህም በላይ፣ በ6 ዓመት ገደማ ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ከወተት መንጋጋዎቹ ኋላ አራት ቋሚ መንጋጋዎች ይበቅላሉ። ብዙ ወላጆች የወተት ጥርስ እየመሰላቸው ይተዉአቸዋል። ከፊት ጥርሶቹ መሀል ጀምረው ወደ ኋላ ሲቆጥሩ ስድስተኛው ይህ ነው፤ ከተቦረቦሩት ሦስቱ አንዱ እሱ ከሆነ ሌላ ምትክ የለውም።

ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም መቦርቦሩ ወደ ነርቩ መድረሱን ስለሚያመለክት በዚህ ሳምንት ሐኪም ጋ ይውሰዱት፤ ፊቱ ካበጠ ወይም ካተኮሰው ግን ያው ዕለት ይሂዱ። ጣፋጭ የሚሰጡት ከሆነ ከምግብ ጋር ይሁን። ጠዋትና ከመኝታ በፊት፣ የአተር ፍሬ የምታህል ፍሎራይድ ያለው ሳሙና አድርገው ራስዎ ይቦርሹለት፤ ልጁም አረፋውን ይትፋ እንጂ በውኃ አይጉመጥመጥ።