ያ ግዙፍ ጡሩምባ «ድምፅ ማጉያ» ይባላል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ስለ ድሮ ማስታወቂያ የተጻፈ ነገር ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ውስጡ አንድ ፎቶ አለ፤ ሱቅ በር ላይ የቆመ፣ ጡሩምባው ከሰው ቁመት የሚበልጥ የማስታወቂያ ፎኖግራፍ። ዘመኑ 1900ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከሥሩ «ድምጽ ማጉያ ያለው ሸክላ ማጫወቻ» ብዬ ጻፍኩ። ጓደኛዬ ደግሞ «ሞንታርቦ በይው፣ ሰው የሚገባው እሱ ነው» አለችኝ። ማን ልክ ነው? ለመሆኑስ «ማጉያ» ነው «ማጉሊያ»?

መልስ፦ የመጨረሻውን ላስቀድም፣ አጭር ነው። «ማጉያ» በይ። ግሡ «አጎላ» ነው፤ የመሣሪያ ስም ሲወጣለት «ል» ወደ «ይ» ትሄዳለች። ሰቀለ መስቀያ፣ ተከለ መትከያ፣ አበሰለ ማብሰያ። «ማጉሊያ» የሚሉም አሉ፣ አልጣላቸውም። «ድምፅ» ግን በፀሐዩ ፀ ቢሆን ደስ ይለኛል። የአንቺ በጸሎቱ ጸ ነው፤ ዛሬ ብዙ ሰው እንደዚያ ስለሚጽፍ አልቆጣም።

ወደ ዋናው ስንመጣ ሁለታችሁም አልሆናችሁም። ያንቺ ግን ይቀርባል።

«ድምፅ ማጉያ» የሚለው ስም አማርኛችን ውስጥ ሥራ በዝቶበታል። አንዱ በእጁ የያዘውን ማይክራፎን ድምፅ ማጉያ ይለዋል። ሌላው አምፕሊፋየሩን፣ ሌላው ደግሞ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ስፒከር። የዛሬ አንባቢ ከሦስቱ የትኛውንም ቢያስብ ኤሌክትሪክ ያለበት ነገር ነው የሚታየው። በፎቶሽ ላይ ያለው ጡሩምባ ግን ኤሌክትሪክ የሚባል ነገር አልነካውም። መርፌዋ በሸክላው ቦይ ውስጥ ስትሄድ ትርገበገባለች፣ ከመርፌዋ ጋር የተያያዘች ስስ ሽፋን አብራ ትርገበገባለች፣ አለቀ። ይህቺ ሽፋን ትንሽ ስለሆነች ብቻዋን ብዙ አየር መግፋት አትችልም። ጡሩምባው ከጠባቡ ጫፍ እስከ ሰፊው አፍ ቀስ እያለ እየሰፋ ስለሚሄድ የሽፋኗ ጉልበት ሳይባክን ወደ አየሩ ይወጣል። ማዶ ያለ ሰው ስትጠሪ መዳፍሽን አፍሽ ላይ እንደምታደርጊው ማለት ነው፤ ጉልበቱ የራስሽ ነው፣ መዳፍሽ የጨመረው ነገር የለም። ስለዚህ ትልቅ ጡሩምባ የፋብሪካዎቹ ጉራ ብቻ አልነበረም። አፉ በሰፋ ቁጥር ወፍራሙን ድምፅም በደንብ ያወጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልነገርኩሽ የጡሩምባው ነገር አይገባሽም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምነግርሽ።) ኤዲሰን ፎኖግራፉን የሠራው በ1877 ነው። በኅዳር 1889 ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ አንድ መጠጥ ቤት ሳንቲም የሚበላ ፎኖግራፍ አቆመ፤ ሰዉ አምስት ሳንቲሙን ይከትና ቱቦ ጆሮው ላይ ሰክቶ ይሰማል። በቱቦ ሲሆን የሚሰማው የከፈለው ብቻ ነው። በጡሩምባ ሲሆን ግን ያልከፈለውም፣ መንገደኛውም፣ መስማት ያልፈለገውም ይሰማል። ማስታወቂያ የሚባለው ነገር ደግሞ ከዚህኛው ጋር ነው የሚስማማው! ለዚህ ነው ጡሩምባው ወደ ሱቅ በር የወጣው።

ጡሩምባው ራሱም ማስታወቂያ ሆኗል። ያቺን ጡሩምባ አፍ ላይ ጆሮዋን የደቀነች ውሻ ታውቂያታለሽ፣ የሸክላ ልባስ ላይ ያላየ የለም። (ስሙ ኒፐር ነው፣ ወንድ ነው፣ እኛ ነን «ያቺ ውሻ» የምንለው።) ፍራንሲስ ባሮ የተባለው እንግሊዛዊ ሠዓሊ መጀመሪያ የሳለው ጥቁር ጡሩምባ ያለው ፎኖግራፍ ነበር። ሥዕሉ እንዲደምቅ ብሎ የናስ ጡሩምባ ሊዋስ ወደ ግራሞፎን ኩባንያ ይሄዳል። ኃላፊው «ማሽኑንም በእኛ ግራሞፎን ቀይረው፣ ሥዕሉን እንገዛዋለን» አለው። ይህ በ1899 ነው። አሜሪካ፣ አልባኒ ከተማ ውስጥ አንድ ሕንፃ ላይ ዛሬም የዚያ ውሻ ሐውልት ተቀምጧል፣ ቁመቱ 28 ጫማ።

ይህ ታሪክ «ፎኖግራፍ ነው ግራሞፎን?» ለሚለውም መልስ ይሰጥሻል፣ ባትጠይቂኝም። በሲሊንደር፣ ማለትም እንደ ቱቦ ክብ በሆነ መቅረጫ፣ የሚሠራው ፎኖግራፍ ነው፣ በጠፍጣፋ ሸክላ የሚሠራው ግራሞፎን። አሜሪካኖች ሁለቱንም ፎኖግራፍ ይላሉ፣ አንቺ ግን ፎቶውን አይተሽ ወስኚ። የፈረንጁን ቃል ዝም ብለሽ አትከተይ። ለእኛ ልዩነቱ ትርጉም አለው። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1898 ለአፄ ምኒልክ መልእክቷን የላከችው በሲሊንደር ነው፣ ምኒልክና ጣይቱም በሲሊንደር መለሱላት። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን ሄደው ያስቀረጹት ግን ሸክላ ነው።

አሁን ግሡ። ረቂቅሽ ላይ «ጡሩምባውን ይነፋሉ» የሚል አየሁ። ተይው። ጡሩምባ የሚነፋው ዕድርተኛ የሚጠራ ሰው ነው። ግራሞፎን «ያጫውታሉ»፣ ወይም «ይከፍታሉ»፣ ወይም መንገድ ላይ ከሆነ «ያስጮሃሉ»። ደስ የሚለው ግን፣ በእውነት የሚነፋ አንድ ግራሞፎን ነበር። ኦክሴቶፎን ይባላል። ሐሳቡን የጀመረው በኋላ ከወንድሞቹ ጋር አውሮፕላን መሥራት የገባው ሆራስ ሾርት ነው፤ ያሻሻለው ደግሞ የእንፋሎት ተርባይኑ ሰው ቻርልስ ፓርሰንስ። በሽፋኗ ፈንታ መርፌዋ አንዲት ትንሽ ቫልቭ ታንቀሳቅሳለች፤ በቫልቩ በኩል ታምቆ የተቀመጠ አየር ይወጣል፤ የሚጮኸው ያ አየር ነው። እዚህ ላይ ጉልበት ከውጭ ተጨምሯል፣ ስለዚህ ያለ ኤሌክትሪክ አምፕሊፋየርም ቢሆን በትክክል ድምፅ ጎልቷል ማለት ይቻላል። ቪክተር ኩባንያ ከ1906 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ በ500 ዶላር ሸጦታል፣ በዚያን ጊዜ ገንዘብ ጉድ የሚያሰኝ ዋጋ ነው። ለሰው ቤት ሳሎን ሳይሆን ለሆቴል፣ ለትልልቅ ሱቅ፣ ለአደባባይ ነበር፤ ድምፁ ስለሚያስበረግግ ቅርብ መቀመጥ አይቻልም። ፎቶሽ ላይ ከማሽኑ ሥር ሞተርና የአየር መጭመቂያ የያዘ ሣጥን ካየሽ እሱ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ «ነፋ» ብትዪም አልቃወምሽም።

ታዲያ «ድምፅ ማጉያ» መቼ ይጀምር? እኔ ከ1915 እላለሁ። ፒተር ጄንሰንና ኤድዊን ፕሪድሃም የተባሉ ሁለት ሰዎች ካሊፎርኒያ፣ ናፓ ውስጥ በማግኔት መካከል የሚንቀሳቀስ የሽቦ ጥቅል ሠሩ፣ ጫፉ ላይ የፎኖግራፍ ጡሩምባ ገጠሙበት፣ ማግናቮክስ አሉት። በዚያ ዓመት በፈረንጆች ገና ዋዜማ ሳንፍራንሲስኮ ማዘጋጃ ቤት ፊት ለፊት ለተሰበሰበ ሕዝብ አሰሙት። በ1919 ፕሬዝዳንት ዊልሰን ሳንዲዬጎ ስታዲየም ውስጥ ከመስታወት ክፍል ሆነው በዚሁ መሣሪያ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ሕዝብ ንግግር አደረጉ። ልብ በይ፣ ጡሩምባው አሁንም አለ። ጡሩምባ የሌለው፣ ዛሬ የምናውቀው ባለ ወረቀት ስፒከር መልክ የያዘው ራይስና ኬሎግ የተባሉ አሜሪካዊ መሐንዲሶች ሥራቸውን ባሳዩበት በ1925 ነው።

የጓደኛሽ «ሞንታርቦ» ጥሩ ቃል ነው፣ ንቄው አይደለም። ከጣሊያን ድርጅት ስም ወጥቶ የሁሉም ትልቅ ስፒከር ስም ሆኗል። መኪና ላይ ተጭኖ ሰፈር ለሰፈር «ታላቅ ቅናሽ!» የሚለውን ከሱ የተሻለ የሚገልጽ የለንም። ግን 1900ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሞንታርቦ ብትዪ አንባቢሽ ይስቅብሻል። ጽሑፍሽ ወደ ኋለኛው ዘመን፣ ስፒከር ጭነው ወደሚዞሩት የአሜሪካ መኪኖች ከደረሰ እዚያ እንደ ጨዋታ ጣል አድርጊው። እነዚያ መኪኖች ፍርድ ቤትም አድርሰዋል። በ1949 የትሬንተን ከተማ «ጩኸታምና ሻካራ» ድምፅ የሚያሰሙ መኪኖችን የከለከለበት ሕግ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ጸንቷል፤ ተከሳሹ ቃላቱ ግልጽ አይደሉም ቢልም፣ ፍርድ ቤቱ ሰው በየቀኑ ስለሚጠቀምባቸው ትርጉማቸው ይታወቃል አለ። እኔም ዳኛ ብሆን እንደዚያ ነበር የምፈርደው፤ ቅዳሜ ጠዋት ደጄ ላይ የሚቆመው መኪና ምን ማለት እንደሆነ መዝገበ ቃላት አያስፈልገኝም።

ለፎቶሽ እንግዲህ «ለማስታወቂያ የተሠራ ባለ ግዙፍ ጡሩምባ ግራሞፎን» በይ። ሲሊንደር ከሆነ «ፎኖግራፍ»። «ድምፅ ማጉያ»ን ማግናቮክስ እስኪመጣ ድረስ አቆዪው፣ ማይክራፎንን ደግሞ በራሱ ስም ተዪው።