የኮምፒውተር ገመና፦ ጠይቁ፣ ባለሙያው ይመልሳል

(መላሹ ደብረ ማርቆስ ላይ ኮምፒውተር ይጠግናል።)

ከቡሬ፦ ጋሼ፣ ላፕቶፔ ፓስወርድ አለው። ለጥገና ብሰጠው ፎቶዬን ሊያዩት ይችላሉ?

መልስ፦ አሳምረው! ሃርድ ዲስኩን ፈትቼ ከራሴ ኮምፒውተር ጋር ካገናኘሁት ፎቶው፣ የባንክ ደረሰኙ ሁሉ ይከፈታል፤ ፓስወርድሽን የሚጠይቀኝ የለም። የቴሌግራም ፎልደሩን ብገለብጠው መልእክትሽን ቁጭ ብዬ አነበዋለሁ። መድኃኒቱ ዲስኩን ኢንክሪፕት ማድረግ ነው፤ ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ መቆለፍ ማለት ነው። ዊንዶውስ ፕሮ ከሆነ ቢትሎከር የሚባል መቆለፊያ አለው፤ ሆም ከሆነ ቬራክሪፕት በነፃ ይገኛል። ቢትሎከር 48 አኃዝ ያለው ቁልፍ ይሰጥሻል። ወረቀት ላይ ጽፈሽ ሣጥን ውስጥ ቆልፊበት። ቁልፉ ከጠፋ ፎቶውም ጠፋ፤ እኔ ጋ መጥተሽ ብታለቅሺም አልከፍተውም። የተበላሸው ስክሪን ብቻ ከሆነ ደግሞ ዲስኩን አስወጥተሽ ቤትሽ አስቀሪው።

ከዳንግላ፦ በብራውዘሩ የግል መስኮት (ኢንኮግኒቶ) ከገባሁ ማንም አያየኝም አይደል?

መልስ፦ የከፈትከው ገጽ ታሪክ ኮምፒውተርህ ላይ አይቀመጥም፤ በቃ። ኢንተርኔት አቅራቢው የት የት እንደገባህ ያያል።

ከሞጣ፦ ከሃከር እንዴት ልጠበቅ?

መልስ፦ ምን ዓይነት ኮምፒውተር? ማን ማን ይነካዋል? እንዲህ ተጠይቆ ምን ይመለሳል?

ከባሕር ዳር፦ አንቲቫይረስ ካለ ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን?

ከእንጅባራ፦ ዊንዶውስህ ክራክ (ሳይገዛ በሕገወጥ መንገድ የተከፈተ) አይደለም? የሚከፍተው ፕሮግራም፣ አክቲቬተሩ፣ ገና ሲጀምር «አንቲቫይረሱን አጥፋ» ነው የሚልህ።

ከባሕር ዳር፦ ኦሪጅናሉን አንተ ትገዛልኛለህ?

ከእንጅባራ፦ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነው ሊኑክስ ሚንት ነፃ ነው ወንድሜ።

ከባሕር ዳር፦ የሂሳብ ፕሮግራሜን ፒችትሪን በሊኑክስ ክፈትልኝና ዛሬውኑ እቀይራለሁ።

መልስ፦ እናንተ ሰዎች፣ ጸባችሁን ወደ ውጭ! ክራክ ላይ ግን የእንጅባራው ልክ ነው። ዊንዶውስ 10 ላይ ያላችሁም የማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 2018 ዓ.ም. አብቅቷልና አስቡበት።

ከደንበጫ፦ ፓስወርድ ካለው በቂ ነው አይደል?

መልስ፦ ከላይ አንብብ። ዲስኩ ይፈታል አልኩ እኮ!

ከፍኖተ ሰላም፦ ልሸጠው ነው፤ ፎርማት አድርጌዋለሁ።

መልስ፦ ኩዊክ ፎርማት ፋይሉ የት እንዳለ የሚያሳየውን ማውጫ ነው የሚያጠፋው፤ ሃርድ ዲስክ ላይ ፋይሉ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት እዚያው ነው። በነፃ ፕሮግራም ሊመለስ ይችላል። መጀመሪያ ኢንክሪፕት አድርገው፣ ከዚያ ሪሴት ስትለው ድራይቩን ሙሉ በሙሉ እንዲያጸዳ ምረጥ። ሰዓታት ቢፈጅም አትቸኩል፤ ገዢው ይጠብቅ።

ከቡሬ፦ ጋሼ፣ ያን 48 አኃዝ ፎቶ አንስቼ እዚያው ላፕቶፑ ላይ ባስቀምጠውስ?

መልስ፦ ወረቀት! ወረቀት አልኩ!