«ካርቱን ሲያይ ግን ፍንክች አይልም»፦ ስለ ኤዲኤችዲ ጥያቄና መልስ

ሐዋሳ ውስጥ በልጆች የአእምሮ ጤና ክትትል የምሠራ ነርስ ነኝ። ስለ ኤዲኤችዲ፣ ማለትም ስለ ትኩረት ማነስና መቅበጥበጥ፣ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የደረሱኝን እነሆ።

የ8 ዓመት ልጄ የቤት ሥራ ሲባል 2 ደቂቃ አይቀመጥም። ካርቱን ከሆነ 2 ሰዓት ፍንክች አይልም። ይህ እልከኝነት አይደለም?

አይደለም እህቴ። ስሙ ራሱ ያሳስታል፤ እነዚህ ልጆች ትኩረት አላቸው፣ የሚቸግራቸው ወደ ታዘዙበት መምራቱና እዚያ ማቆየቱ ነው። ካርቱን በየሰከንዱ አዲስ ነገር ያቀብላል። የማባዛት ሰንጠረዥ ግን ጥቅሙ ሩቅ ነው፤ ለሩቅ ጥቅም የሚያነሳሳው የዶፓሚን (በአንጎል ነርቮች መካከል መልእክት የሚያደርስ ኬሚካል) ሥርዓት ደግሞ በእነሱ ላይ በተለየ መንገድ ይሠራል።

አንድ አባት ልጁን አምጥቶልኝ ነበር። ልጁ ወንበሩ ላይ ሲገላበጥ መዝገቤን ሁለት ጊዜ ጣለው። በኋላ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው ላይ፣ ሳገኘው የቆሮሶ ዓሣ ቅርፊት እያራገፈ ነበር፤ ቢላዋው አንዴም አልሳተ፣ ቀና ብሎም አላየኝ። አባቱ «ይኸው፣ ሲፈልግ ይችላል» አለኝ። እኔ ግን ሥራው ሲይዘው ነው እላለሁ።

በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ የአንጎል ምስል ጥናት የአንጎል ቅርፊት (የላይኛው ሽፋኑ) ከፍተኛ ውፍረቱ ላይ የሚደርስበትን ዕድሜ አነጻጽሮ ነበር፤ በሌሎች ልጆች 7 ዓመት ተኩል ገደማ፣ በእነዚህ 10 ዓመት ተኩል ገደማ ሆኖ ተገኘ። ይበልጥ የዘገየው ራስን የሚገታው የግንባር ክፍል ሲሆን እንቅስቃሴን የሚመራው ክፍል ግን ቀድሞ ደርሶ ነበር። ሞተሩ ደርሶ ፍሬኑ ያልደረሰ ባጃጅ በሉት። የቤት ሥራውን በ10 በ10 ደቂቃ ከፋፍይለት፤ ቆሞ መጻፍ ከፈለገም ይቁም።

በእኛ ጊዜ ዱላ ነበር የሚያስተካክለው። ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው።

ጋሼ፣ ታዲያ «ቀዥቃዣ» የሚለውን ቃል ማን አመጣው? ነገሩ አዲስም አይደለም፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ጆርጅ ስቲል እንዲህ ያሉ ልጆችን በ1902 እ.ኤ.አ. ገልጿቸዋል። ዱላ ያስደነግጣል እንጂ ፍሬን አይሠራም።

ስኳር ያመጣዋል?

አያመጣውም። ልደት ላይ ልጅ የሚሯሯጠው ልደት ስለሆነ ነው።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ተቅበጥብጬ አላውቅም፤ ግን ቁልፍ እጥላለሁ፣ ንግግር መሐል እጠፋለሁ። ሊሆን ይችላል?

ይችላል። መቅበጥበጥ የሌለበት ዓይነት አለ፤ ሴቶች ልጆች ጸጥ ስለሚሉ ብዙ ጊዜ ይታለፋሉ። ምልክቶቹ ከ12 ዓመትሽ በፊት መጀመራቸውንና ከአንድ በላይ ቦታ መታየታቸውን ሐኪሙ ይጠይቅሻል። ዘንድሮ የጀመረሽ ከሆነ ግን እንቅልፍሽንና ጭንቀትሽን አስቀድሚ።

መድኃኒቱ ልጄን አያደነዝዘውም?

ለኤዲኤችዲ የሚታዘዘው ሜቲልፌኒዴት ማደንዘዣ አይደለም፤ ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን የተባሉት መልእክት አድራሽ ኬሚካሎች በነርቮች መካከል ቆየት ብለው እንዲሠሩ ያደርጋል። ልጁ ከፈዘዘ መጠኑ እንዲታይ ለሐኪሙ ይናገሩ። የምግብ ፍላጎት ስለሚቀንስና እንቅልፍ ስለሚያዛባ ክብደቱ እየተለካ ነው የሚሰጠው። ከጎረቤት ተውሶ መስጠት ፈጽሞ አይገባም።

ጸበል ወስጄዋለሁ፤ ሌላ ምን ላድርግ?

ጸበሉን አልቃወምም። በደንብ የማይሰማ ልጅም ትኩረት የሌለው ስለሚመስል ጆሮውን ግን ያስመርምሩ። ለጥቂት ሰከንድ ዓይኑን ተክሎ የሚቀር፣ ሲጠሩትም የማይመልስ ከሆነ የሚጥል በሽታ ዓይነት ሊሆን ስለሚችል፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ያሳዩት።