መልስ፦ ደብዳቤ ትታ ከሄደች ምኑ ነው ያልተፈታው?

ወንድሜ፣ ስለ አሊሳ ተርኒ «ኮብልያለሁ ብላ ጽፋ የለ እንዴ?» ብለሃል። አዎ፣ ደብዳቤው ወደ ካሊፎርኒያ እንደሄደች ይላል። የ17 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ከፊኒክስ፣ አሪዞና በሜይ 2001 እ.ኤ.አ. ጠፋች። ግን ሞባይሏን ቤት ትታለች። ባንክ የነበራትን 1,800 ዶላር ገደማም አልነካችም። ሊኮበልል የተነሳ ሰው ገንዘቡን ይተዋል?

እኔን የሚያበግነኝ ፖሊስ ለዓመታት «ኮብልላ ነው» ብሎ መቀመጡ ነው። በ2008 የእንጀራ አባቷ ቤት ሲፈተሽ 26 በቧንቧ የተሠሩ ቦምቦች ተገኙ (ቤት ነው ይሄ?)። ታናሽ እህቷ በቲክቶክ ሳይቀር ስትጮህ ኖረች። በ2020 ሰውዬው በግድያ ተከሰሰ። በ2023 ግን ዳኛው ማስረጃው አይበቃም ብለው በነፃ አሰናበቱት። አስከሬኗም አልተገኘም።