ጢሞቴዎስ በግሪክኛ እንዴት ይጻፋል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ባለቤቴ ጢሞቴዎስ ይባላል። ለአሥረኛ ዓመት ጋብቻችን ስሙን በግሪክ ፊደል ቀለበት ላይ ላስቀርጽለት አስቤያለሁ። ከኢንተርኔት ያገኘሁትን ለወርቅ ሠሪው ልሰጥ ስል ጓደኛዬ «ኧረ ተጠንቀቂ፣ ስሕተት እንዳይሆን» አለችኝ። ትክክለኛው የትኛው ነው? አነባበቡስ? (የጢሞቴዎስ ባለቤት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ጓደኛሽን ቡና ጋብዣት። ተሰሎንቄ ተማሪ ሳለሁ አንድ ያገሬ ልጅ ቴዎድሮስ የሚል የብር አምባር አሠርቶ መጣ። አከራያችን አሮጊቷ መነጽራቸውን አድርገው «ቲ-ኤ-ኦድሮስ» ብለው አነበቡና «ይሄ ደግሞ ማነው?» አሉት። ምን ሆኖ መሰለሽ? ቀራጩ የእንግሊዝኛውን አጻጻፍ ፊደል በፊደል ወደ ግሪክ ገልብጦታል። የእንግሊዝኛዋ ኤች ደግሞ ግሪክ አገር ስትሄድ «ኢ» ተብላ ነው የምትነበበው።

የባለቤትሽ ስም ስምንት ፊደል ነው፦ ታው፣ ዮታ፣ ሚ፣ ኦሚክሮን፣ ቴታ፣ ኤፕሲሎን፣ ኦሚክሮን፣ ሲግማ። ያገኘሽውን ቁጠሪው። ዘጠኝ ከሆነ ያቺ ኤች ገብታለች። ቴታ የኛን ፀሐዩን «ፀ» ትመስላለች፤ ክብ ሆና ወገቧ ላይ መስመር አላት። «ዎስ» ስለሚል ኦሜጋ (ሌላዋ የግሪክ «ኦ») ይግባ የሚልሽ ካለ አትስሚው።

በትልልቁ ፊደል ይቀረጽ። በትንንሹ ከሆነ የመጀመሪያው ኦሚክሮን አናት ላይ ጭረት ያስፈልጋል፤ መጨረሻ ላይ ያለችው ሲግማም መልኳን ትቀይራለች። ወርቅ ሠሪውን በዚህ ማድከም ምን ያደርጋል?

ሲነበብ ድምፁ «ሞ» ላይ ከፍ ይላል። ቴታን የዛሬ ግሪኮች ምላሳቸውን በጥርሳቸው መሀል አውጥተው ነው የሚሏት፤ ዓረቦቹ በቋንቋቸው «ሦስት» ሲሉ እንደሚያወጡት ማለት ነው። የገልፍ ተመላሽ ዘመድ ካለሽ ታሳይሽ።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። ባለቤትሽ ስም ውስጥ «ጢ» እና «ቴ» አሉ አይደል? በዘፈቀደ እንዳይመስልሽ። ታው ትንፋሽ የሌላት «ት» ነበረች፤ ቴታ ደግሞ በድሮው ግሪክኛ ትንፋሽ የምታስወጣ «ት»። አባቶቻችን ሁለቱን በጆሯቸው ለይተው ለታው «ጠ»ን፣ ለቴታ «ተ»ን ሰጡ። ለዚህ ነው ጴጥሮስ በ«ጥ»፣ ማቴዎስ በ«ቴ» የሚጻፈው። ማርቆስ ላይ ያለው «ቆ»ም፣ ፊልጶስ ላይ ያለው «ጶ»ም የመጣው በዚሁ መንገድ ነው። (ክርስቶስ ላይ ግን ታው «ቶ» ሆናለች። ሁሌም አንድ አፈንጋጭ አይጠፋም!) እንግሊዝኛው «ቲሞቲ» ብሎ ጅራቱን ቆርጦታል። እኛ ጋ ስሙ ሙሉ ነው። ትርጉሙም «እግዚአብሔርን የሚያከብር» ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ግሪኮች ወንድን በስሙ ሲጠሩ መጨረሻ ያለችውን «ስ» ይጥላሉ። ጳውሎስ በ1ኛ ጢሞቴዎስ 6፥20 «ጢሞቴዎስ ሆይ» ያለው በግሪክኛው «ኦ ቲሞቴኤ» ነው። ስለዚህ ቀለበቱን ስታጠልቂለት «ቲሞቴኤ» በይው። ቀለበቱ ላይ ግን ሲግማዋ እንዳትቀር።